እሳቱን ይዛ የተሻገረችው ሴት

ልጅ ሳለሁ በመንደራችን ክብሪት ብርቅ ስለነበር እሳት ከጎረቤት በገል ይጫር ነበር፤ የእኛ ቤት ግን ከማንም ጭሮ አያውቅም። አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበርና ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍነዋል፤ ጠዋት ገለጥ አድርጎ በወናፍ ያነቃዋል። ያኔ የማረሻው ሥራ አልቆ ወናፉ ሲያርፍ፣ የከሰሉ ጭስ ገና ከጣራው ሥር ሳይወጣ፣ ኩራዙን ሳናበራ በፍሙ ብርሃን ብቻ ዙሪያውን እንቀመጥና ተረት እንለምነዋለን። ብዙ ያውቅ ነበር። እኔ የምወደው የእናቱን ነበር፤ እሱም ተረት ይመስለኝ ነበርና።

እናቱ አበራሽ ከወንዝ ማዶ የመጣች ሴት ነበረች። ክረምት ሲገባ፣ ውሃው ሊሞላ ሲል፣ ፍም በገል ይዛ ተሻገረች። ውሃው ደረቷ ደረሰ፤ ገሉ መዳፏን ጠበሰው፤ እሳቱን ግን አልጣለችም። የአያቴ አባት ምድጃ የተቀጣጠለው በዚያ እሳት ነው፤ የእኛም ፍም ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም ይለን ነበር። እኛ ልጆች ሁልጊዜ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እጇን አላመማትም ወይ? አያቴም መዳፉን ወደ ፍሙ ዘርግቶ፣ «አሟታል እንጂ» ይላል። ከዚያ አንዲት ፍም በጉጠት አንስቶ ደጃፉ ላይ ያኖራል። እናቱ ማታ ማታ እንዲህ ታደርግ ነበር አለን፤ ለምን እንደሆነ አልነገረንም። እኛም ለጅብ ነው ብለን ተውነው።

በአውሮፕላን ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ የገባን ጊዜ የዘር ሐረጋችንን በአስተርጓሚ ጠየቁን። እኔ የአያቴን እናት አበራሽ ብዬ አስጻፍሁ። ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሌላ ቀን በሌላ ጠረጴዛ ድንቅነሽ ብሎ አስጻፈ። በዚህ የተነሳ ዘመዶቻችን ቅድመ አያታችን ሁለት ሚስት ነበረው ብለው ደመደሙ፤ በየሠርጉ ቤት አንዱ የአበራሽ ነኝ፣ ሌላው የድንቅነሽ ነኝ እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ነገር ፈሪ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ይህ ነገር ናታንያ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሲከነክነኝ ኖረ።

የልጅ ልጄ ኦሪት ልታገባ ስትል ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። በቤተ እስራኤል ወግ ሰባት ትውልድ ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ለቀሩት ሽማግሌ ዘመዶቼ ሁሉ ስልክ ደወልሁ። በመጨረሻ አንዲት አክስቴ ስቃብኝ፣ የአገርህን ወግ ረሳኸው ወይ አለችኝ፤ ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላት አልነበረም? ድንቅነሽ የእናት አባቷ ቤት ስሟ ነው፤ እሳት ይዛ ስለገባች አማቷ አበራሽ አለቻት። ሁለት ሚስት የለም፤ አንዲት ሴት ናት። የዚያን ቀን ቋጠሮው ተፈታልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

የሙሽራው ልጅ ወገኖች ከቃዲማ ከተማ መጥተው በልጄ ቤት፣ ዐጋሚም ሰፈር ካለው ረጅም ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተሰበሰብን። የልጁ አያት ወይዘሮ አድና ከሊፍቱ እንደወጣች ወደ ታች አየችና፣ «እዚህ ላይ እሳቱ ቢጠፋባችሁ ከማን ትጭራላችሁ?» አለች። ተሳሳቅን። ሽማግሌዎች ትውልድ መቁጠር ጀመሩ። ወይዘሮ አድና አባቷን፣ የአባቷንም አባት ጠርታ ቆመች። የእሱስ እናት? ተባለች።

«አይጠራትም ነበር» አለች። «ገና ሕፃን ሳለ ከአባቱ ተጣልታ በሌሊት ወጣች። የምድጃውን እሳት ጠራርጋ በገል ይዛ ወንዙን ተሻገረች። ልጁ ሲነቃ አመድ ብቻ ነው፤ ጨለማ። እስኪሸብት ድረስ ጨለማ ይፈራ ነበር።»

ያንን ተረት በልጅነቴ ከማዶው ዳር ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እያወቅሁ፣ ስሟን ጠየቅኋት።

«ድንቅነሽ።»

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። የሠርጉ አዳራሽ ተይዟል፤ ኦሪት ከልጁ አጠገብ ተቀምጣ ትስቃለች። ሆኖም፣ «ወይዘሮ አድና፣ እኔና እርስዎ የአንዲት ሴት ልጆች ነን» አልሁ።

በሁለቱም ወገን ቆጠርን፤ ልጆቹ ሰባት ሳይሞሉ አምስተኛ ትውልድ ላይ ቆሙ። ልጄ ደንግጦ፣ ጋብቻ የሚመዘግበውን የረቢዎች ጽሕፈት ቤት አንሥቶ፣ «አባ፣ ረባኑት እኮ ይህን አይጠይቅም» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ረባኑት አይጠይቅ፤ የምንጠይቅ እኛ ነን» አለው። ኦሪት መሳቋን ስታቆም አየሁ፤ ያንን ፊቷን እስክሞት አልረሳውም።

ወይዘሮ አድና ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ድንቅነሽ ጥላው የሄደችውን ልጅ ረስታው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደጃፉ ላይ ስለምታኖራት ፍም ነገርኋት። ስናገር ነው የቤታችን ደጃፍ ወደ ወንዙ ይከፈት እንደነበር ትዝ ያለኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችና ቀስ ብላ፣ «እሱ አላየውማ» አለች።

ሠርጉ ቀረ። ልጆቹ ከሽማግሌዎች ቃል አልወጡም፤ ተለያዩ። ኦሪት ለብዙ ሰንበት ቤቴ አልመጣችም። የመጣች ቀን ትቆጣኛለች ብዬ ስፈራ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ተረቱን ከመጀመሪያው እንድነግራት ለመነችኝ። ነገርኋት።

«ሳባ» አለችኝ፣ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው፣ «እሳቱን ለምን ሁሉንም ወሰደችው? ትንሽ አትተውለትም ነበር?»

እሳት የጫረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፍም ቢካፈሉት አይጎድልም፤ ለሁለት ምድጃ ይበቃ ነበር። ከአያቴ እግር ሥር ስንት ማታ ተቀምጠናል፤ ስለተቃጠለው እጇ ስንት ጊዜ ጠይቀናል። ከኋላዋ ስለቀረው ቤት ግን ማናችንም አልጠየቅንም።