ጠርሙሱ ሲንተከተክ

ከዳንግላ

ማለዳ ከዳንግላ የወጣነው ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሕፃን ይዘን ነው። እናቷ ደብሬ የገጠር ሴት ናት፤ አምቡላንሱ ውስጥ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ በጋቢ ሸፍናታለች። እኔ አድራሿ ነርስ ነኝ። የምንሄደው እንጅባራ፣ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ ካለበት ሆስፒታል ነው። መሣሪያው ላይ የምትሠራው ደግሞ አብራኝ የተማረችው ሰብለ ናት። ለሥልጠናው ሁለታችንም አመልክተን እሷ ተመረጠች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሲነሳ ሆዴ ይቃጠላል፤ ምን እዋሻለሁ!

አዲስ ቅዳም

የከሰል ጆንያ አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል። የገበያ ፈረሶች መንገድ ዘግተውብን ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል።

«እስቲ ገለጥ አድርጊያት፣ ልያት» አልኳት ደብሬን።

«ኧረ ዲያ ሲስተር! ይኸ ሁሉ ሰው እያለፈ? ዓይን ይበላብኛል!»

ተውኳት። ከጋቢው ሥር ግን ሕፃኗ ስታቃስት ይሰማኛል።

እንጅባራ

ሰብለ በር ላይ ጠበቀችን። ወፈር ብላ አምሮባታል፤ እሱም አናደደኝ። ሕፃኗ አፍንጫ ላይ ቱቦ አደረገች፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ እንደ ሽሮ ይንተከተክ ጀመር።

«እሰይ! ተነፈሰችልኝ» አለች ደብሬ፣ ልጇን መልሳ እየሸፈነች። እኔም ጠርሙሱን አይቼ ተረጋጋሁና ወጥቼ ትኩስ ድንች በዳጣ በላሁ።

ስመለስ ሰብለ ሕፃኗ ላይ ጎንበስ ብላ «እንትፍ፣ እንትፍ! ከዓይን ያውጣሽ» ትላለች። ደብሬ ፈገግ አለችና ራሷ ጋቢውን ገለጠችው። ይቺን ዘዴ እኔ አጥቻት ነው?

«ጎድኗ ወደ ውስጥ እየተሳበ ነው» አለች ሰብለ። «ኦክስጅን ብጨምርም ማቃሰቷ አልቀነሰም። ይኸ መሣሪያ እስከ ማታ አያቆያትም። አሁኑኑ ባሕር ዳር፣ ትልቁ መሣሪያ ጋ ትሂድ።»

«ጠርሙሱ እየተንተከተከ? ነቢይ ሆንሽ እንዴ!»

«ጠርሙሱ የሚነግርሽ አየሩ መሄዱን ነው። ድካሟን የሚነግርሽ ደረቷ ነው። እስክትደክም ከጠበቅን መንገድ ላይ ታልቅብናለች።»

በተሳሳተች ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ያቺን የጣት ያህል ጎድን ሳይ ምኞቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

መልስ

ከነቱቦው ከነጠርሙሱ በመጣንበት መንገድ ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። ዳንግላን፣ የገዛ ቤቴን፣ በመስኮት እያየሁ አለፍኩ። መንገዱን ሁሉ ዝናብ እየወረደብን ቱቦው እንዳይወልቅ የያዝኩት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ሆስፒታሉ በር ላይ ትንፋሿ ቆም ቆም ይል ጀመር፤ ተቀብለው ትልቁ መሣሪያ ላይ አደረጓት። ሰብለ ያለችው አንድም አልቀረ። እሷን በሆዴ እየረገምኩም እያመሰገንኩም በሚኒባስ ቤቴ ገባሁ።

ከወራት በኋላ ደብሬ ልጇን አዝላ ለክትባት መጣች።

«ማን አልሻት?» አልኳት።

«ሰብለ ነዋ!»

የዛለው ክንድ የእኔ፣ ስሙ የእሷ! እስከ ዛሬ ያቺን ልጅ ስጠራ ጥርሴን ነክሼ ነው። ሌላ ጨቅላ ሲመጣልኝ ግን «እንትፍ፣ እንትፍ» እልና ጋቢውን አስገልጬ መጀመሪያ ደረቱን አያለሁ።