የአምስተኛዋ ኩባያ ጥንዚዛ

ዛሬም ሰላጣ ላይ ሲፈስ የአቼቶ ሽታ አፍንጫዬ ከደረሰ ሳህኑን እገፋለሁ። አብረውኝ የሚበሉት "ደግሞ ምን ሆነች?" ይላሉ። ለእነሱ ነግሬ አላውቅም፤ ለአንተ ልንገርህ።

ያኔ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ጥንዚዛ ፍለጋ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ከረምኩ። የምፈልጋት ዓይነት ክንፏ አጭር ነው፤ ጀርባዋን አይሸፍንም። ሲነኳት ጭራዋን እንደ ጊንጥ ትሰቅላለች። የምትበላው ትል ነው፣ ያውም በቁሙ። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ "ሽፍታይቱ" እያለ ይቀልድባት ነበር።

ዘዴያችን ቀላል ነው። የፕላስቲክ ኩባያ እስከ አፉ መሬት ውስጥ ቀብረን ትንሽ አቼቶ እንጨምርበታለን፤ ከላይ የገማ ሥጋ በክር እናንጠለጥላለን። ሽታው የሳባት ጥንዚዛ ገብታ ትቀራለች። የደብሩ ቄስ ፈቅደውልናል፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁን፦ "ከመቃብሩ ራቁ፣ ልጆቼ። ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው።" በዚያ ሰሞን ጦርነቱ ያላንኳኳው ደጅ አልነበረም።

ከአምስቱ ኩባያዎች ጓደኛዬ አራቱን ዛፎቹ ሥር ቀበረ። አምስተኛዋ የእኔ ድርሻ ነበረች። ግንቦት ነው፤ መሬቱ ዶማ አያስገባም። መዳፌ ሲላጥ ተናደድኩና አፈሩ የላላበት ቦታ ፈልጌ ቀበርኳት። ከአንድ አዲስ መቃብር ግርጌ ነበር። አፈሩ ለምን እንደላላ አውቅ ነበር። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንሄድ አራቱ ኩባያዎች ውስጥ ጉንዳን ብቻ ነበር። በአምስተኛዋ ግን አንዲት ጥቁር፣ ትከሻዋ የዝገት ቀለም ያለው፣ በየትኛውም መጽሐፍ አይቻት የማላውቅ ጥንዚዛ ተንሳፋለች። ጓደኛዬ ቦታውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ምን ነካሽ?" አለኝ። እኔ በደስታ ብልቃጥ ውስጥ እየከተትኳት ነበር።

ለካ ያ ቀን የሟቹ አርባ ኖሯል። ወንድሙ ክላሹን አንግቶ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ያየው የወንድሙ መቃብር ግርጌ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በክር የተንጠለጠለ የገማ ሥጋና የተንበረከኩ ሁለት ሰዎች ነው። አንተስ ብትሆን ምን ታስብ ነበር?

"የወንድሜን ሥጋ!" ብሎ ጮኸ። ጓደኛዬ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ማን ሰምቶት። ወንድምየው መሣሪያውን በአፈሙዙ በኩል ያዘና ወደ እኔ ዞረ።

"ማነው ይህን እዚህ የቀበረው?"

ብልቃጧን ደረቴ ላይ ጨብጬ ቆምኩ።

"እኔ ነኝ" አለ ጓደኛዬ።

ሰደፉ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ደረቅ እንጨት የተሰበረ መሰለኝ። ወደቀ። ከወደቀም በኋላ ወንድምየው ደጋግሞ መታው። ደሙ በላላው አፈር ቶሎ ቶሎ ይሰርግ ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው እየሮጡ ባይደርሱ ይገድለው ነበር። "ገዝቼሃለሁ!" ሲሉት መሣሪያውን ጥሎ መቃብሩ ላይ ተደፋና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ልጠላው ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም።

ጓደኛዬ ቀኝ ዓይኑን አጣ። ሆስፒታል ስጠይቀው በፋሻው ሥር ፈገግ ብሎ "ሽፍታይቱ ተረፈች?" አለኝ። ተርፋለች። ለዓለምም አዲስ ዝርያ ሆና ተገኘች።

ገለጻዋን ጽፎ መጨረስ ዓመታት ወሰደብኝ። የራሷን ስፋት፣ የክንፏን ርዝመት፣ የዓይኗን ትልቀት በማይክሮስኮፕ ለካሁ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ጥንዚዛዋን ማን፣ የት እንደያዛት የሚገለጽበት መስመር አለ። እዚያ ላይ የጓደኛዬን ስም ብቻ ጻፍኩ፤ እሱን መካሴ ነበር። ረቂቁንም ላኩለት።

በማግስቱ ደወለ። ከኋላው ተማሪዎቹ ሲንጫጩ ይሰማል።

"ስሜን ከጽሑፉ አውጪው" አለኝ።

"ለምን? ያንተ ናት እኮ።"

"ኩባያዋን የቀበርሻትማ አንቺ ነሽ። እኔ የዋሸሁት ለዚያች ጠዋት ነው፤ በጽሑፍ ግን አልዋሽም።"

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልለው ስል ደወል ተደወለ። "በይ፣ ክፍል አለኝ" ብሎ ዘጋ።

ስሙን ሰርዤ የራሴን ጻፍኩ። ያ ሐዘንተኛ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ የሰጠሁት ያን ዕለት ነው፤ የሚሰማኝ ሰው ግን አልነበረም።