በርበሬ ሻጯ ያልሞተችበት ታሪክ

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ቡታጅራ በአስተማሪነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሦስት ሆነን አጭር ልቦለድ እንጽፍ ነበር። “እንጽፍ ነበር” ማለት እንኳ ለእኔ ይበዛብኛል። በእርግጥ የሚጽፉት የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ። ጸጉራቸው ሸበት ያለ፣ ከረባታቸውን ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ፣ ልቦለዳቸውን እንደ ክስ መዝገብ በማኅደር ይዘው የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነበር፤ የመስቃን ጉራጌ ልጅ። አማርኛ የተማረው በገበያ ነው፣ ጨዋታ ሲጀምር ግን መንገደኛው ሁሉ ይቆምለታል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፍለታለሁ። እኔ ራሴ ስለ ልቦለድ ከማውራት በቀር በስድስት ወር አንድ ገጽ አልጨረስኩም ነበር።

የምንገናኘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ጸሐፊው አዲስ ታሪክ ይዘው መጡ። ባሏ አዲስ አበባ ሄዶ ስለቀረባት በርበሬ ሻጭ ነው አሉን። ማንበብ ጀመሩ። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ሰማይ ሆነ። ሁለተኛውም ገጽ ሰማይ ነበር።

“ጋሼ፣ ሴትዮዋ መቼ ነው የምትመጣው?” አላቸው ልብስ ሰፊው።

ጸሐፊው ሰማዩ ስሜት እየፈጠረ ስለሆነ መታገስ እንዳለበት አስረዱት። እሱም ኮት ሲቆርጥ የተረፈው ጨርቅ የቱንም ያህል ቢያምር እጅጌው ላይ ደርቦ እንደማይሰፋው ነገራቸው። ቅር አላቸው። ሻያቸውን ጠጡና ብዕራቸውን አውጥተው ግማሹን ሰማይ ሰረዙ።

ያን ዕለት ከቆሼ ከተማ በኩል በርበሬ እያመጣች የምትሸጥ አንዲት ጠና ያለች ሴት ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ነበር። ልብስ ሰፊው የቀረው እጅጌው ብቻ ነው ብሎ አስቀመጣት። እኔ እንዳየሁት ግን ያለቀው እጅጌው ብቻ ነበር፣ የቀረው ሌላው ሁሉ ነው። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ንባቡን ታዳምጥ ጀመር።

በታሪኩ መጨረሻ በርበሬ ሻጯ ገበያ መሀል ታለቅሳለች፣ ሰው ይከባታል፣ ከዚያ ጆንያዋ አጠገብ ወድቃ ትሞታለች። ጸሐፊው ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ጨረሱ። ቀሚሷን የምትጠብቀው ሴት፣ የታሪኩን በርበሬ ሻጭ ምን እንደገደላት ጠየቀች። ኀዘን ነው አሏት።

“በርበሬዋን ሳትሸጥ ነው የሞተችው?”

ጸሐፊው መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

“ጌታዬ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማ የመጣች ሴት ሳትሸጥ አትሞትም” አለች። “ደግሞ ስታለቅስ ማን ይከባታል? በርበሬ ተራ ሁላችንም እናለቅሳለን። እኔ ባሌ የሞተ ሰሞን እዚያ ተቀምጬ ሳለቅስ ከረምኩ። ምን ሆንሽ ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም የፈለግሁት እንዲያ ሳይጠይቁኝ ማልቀስን ነበር።”

ጸሐፊው ከወንበራቸው ተነሡ፣ መልሰው ተቀመጡ፣ የመጨረሻውን ገጽ ለሁለት ቀደዱት። ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። ኀዘኗን ለአንባቢ እንንገረው ወይስ እሱም እንደ ገበያተኛው በርበሬ ነው ብሎ ይለፈው? ልብስ ሰፊው ይነገር አለ፤ አድማጭ ካልገባው ተነሥቶ ይሄዳል ባይ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ካሁን ወዲያ ለማንም ምንም አልናገርም አሉ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

“ገበያው ተበትኖ፣ በርበሬው አልቆ፣ እጇን ታጥባ ስታበቃ አሁንም ዓይኗን ብትጠርግስ?”

ጸሐፊው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። “አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?” አሉኝ። ሴትዮዋ ደግሞ ቀስ ብላ፣ “እንደሱ ነበር” አለች።

ያን ቀን ቤቴ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። እግሬ መሬት አልነካም። የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም አልኩ፤ ባሕር ዛፍ ሥር የታሰረች በቅሎ እንኳ አልቀረችኝም። ቆጮ ልገዛ ወጥቼ ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ።

ጸሐፊው ታሪኩን እንደገና ጽፈው በትምህርት ቤታችን ዓመት መዝጊያ በዓል ላይ እንዲያነቡት ዳይሬክተሩን ለመንኩላቸው። ሴትዮዋ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። አጠገቧ ላሉት ሴቶች፣ “ሞታ ነበር፤ ያዳንኳት እኔ ነኝ” ስትል ከኋላ ይሰማኛል። ጸሐፊው የተረፈውን ግማሽ ሰማይ ማንበብ ሲጀምሩ ወላጆች ሳቁ። ጸሐፊው ደነገጡ፣ ቀና ብለው አዩ፣ ራሳቸውም ሳቁና ገጹን ዘለሉት። ከረባታቸውን አስረው ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እጇን ታጥባ ዓይኗን የምትጠርግበት ቦታ ሲደርሱ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊው በክርኑ ጎኔን ጎሸም አደረገኝና እንዳልጮህ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ንባቡ ሲያልቅ ሴቶቹ ጸሐፊውን ከበቧቸው። አንዷ ትዳር ይስጧት አለች፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ሄዳ ባሏን በኮቱ ይዛ ታምጣው አለች። እሳቸው “እሺ፣ እሺ” እያሉ ይጽፋሉ፤ ወረቀት ሲያልቅባቸው መዳፋቸው ላይ ቀጠሉ።

በማግሥቱ ስለ ትምህርት ቤታችን ዘበኛ አራት ገጽ ጽፌ ጨረስኩ። ቅዳሜ ሳነብላቸው ጸሐፊው ሁለት ቦታ፣ ልብስ ሰፊው ሦስት ቦታ አስቆሙኝ። በአምስቱም ልክ ነበሩ። እኔ ግን ደስታው ጠጅ ሆኖብኝ ስስቅ ስለነበር፣ ምን እንዳሉኝ ሰኞ እየዞርኩ እንደገና ጠየቅኋቸው።