በአበልጅ ላይ ምስክር

ባሌ ቆዳ ነጋዴ ነበር። ከሁሩታና ከዙሪያው ገጠር የሚመጣውን ቆዳ ይገዛል፤ ጨው ነስንሶ አድርቆ፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ለሚልኩት የውጭ አገር ነጋዴዎች ያስረክባል። ንግዱ ደህና ሳለ አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ገዛን። የጎደለንን መቶ ብር ያበደረን አበልጃችን ነው፤ ሚስቱ የልጄ የክርስትና እናት ናት። ቤቱ መያዣ ሆነ። በየወሩ አሥር ብር ልንከፍል፣ ሁለት ወር ተከታትሎ ከጎደለ ቤቱ የእሱ ሊሆን፣ ደብተራ ውሉን ጻፈ።

የምንከፍለው ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ማኅበራችን በሚጠጣበት ቀን ነበር። ማኅበርተኛው ሲበተን ባሌ ብሩን ከነጠላው ጫፍ ፈትቶ ለአበልጁ ይሰጣል። ምስክር የለ፣ ወረቀት የለ። አንድ ቀን «እማኝ ብትጠራ ምናለ?» ብለው፣ «በአበልጅ ላይ ምስክር? ሰው ምን ይለኛል!» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም አፍሬ ነገሩን ተውኩት።

በአምስተኛው ወር የቆዳ ዋጋ ወደቀ። ነጋዴዎቹ በባሕር ማዶም ገንዘብ ጠፋ አሉን። እኔ የማውቀው ግን ቆዳው ጓዳዬ ውስጥ ተከምሮ ብል ሲበላው ነው። ከዚያ ወዲያ ወሩ አጠረብኝ። አንዱ አሥራ ሁለት አለፈ ብዬ ሳልተነፍስ ሌላው ይደርሳል። የስድስተኛውን ወር የአንገቴን ድሪ ሸጬ ከፈልን፤ ለሰባተኛው ባሌ በቅሎውን ሞጆ ወስዶ ሸጠ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው እንኳ ለከርሞ ከሥሩ ማን ይቀመጥ ይሆን እላለሁ።

ስምንተኛው ሳይደርስ አበልጃችን ታሞ ሞተ። በሐዘን ቤት ብር ማንሳት ነውር ነውና ክፍያውን አርባው እስኪያልፍ አቆየነው። አርባው ባለፈ ማግስት የሟቹ ወንድም ውሉን ይዞ መጣ። «ከመቶው ብር አንድም አልተከፈለም። ቤቱን ልቀቁ» አለ።

ሰውዬው የባሌን ነጠላ ከራሱ ነጠላ ጋር ቋጠረው፤ ያን ጊዜ ባለዕዳና ከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ እንዲያ ተቋጥረው ነበር የሚሄዱት። በገበያው መሐል ሲያልፉ ልጄን አዝዬ ከኋላ ተከተልኩ። የሚያውቀን ሁሉ ቆሞ አየን። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሰውዬው ይልቅ የተናደድኩት በባሌ ነው። ይሉኝታው ቤቴን ሊያስበላኝ ነው!

ዳኛው «ምስክር አለህ?» አሉት። ባሌ «የለኝም» አለ። በዚህ ጊዜ የሟቹ ሚስት ተጠርታ መስቀል ይዛ እንድትምል አዘዙ።

እስክትመጣ ነገሩን በልቤ አሰላሁ። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጆች አሏት፣ ቤቱ ቢመጣ ለእሷ ነው። የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ! እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እውነቱን እናገር ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን አልወደድኩትም።

ጥቁር ለብሳ መጣችና መስቀሉን ያዘች። «ሰባት ጊዜ ተከፍሏል» አለች። «ሰባቱንም ጊዜ ብሩን ከባሌ እጅ ተቀብዬ ሣጥን የከተትኩት እኔ ነኝ።» ዳኛው ቋጠሮውን አስፈቱ፤ ውሉም በእሷ እጅ እንዲቀመጥ ፈረዱ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የተረፈውን ቆዳ በርካሽ እየሸጥን ሁለት ወር ከፈልን። የመጨረሻውን አሥር ብር ልንሰጥ ስንነሳ ግን ያ የገበያ መንገድ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ባሌ ተዪ እያለ ቢለምነኝም ከጎረቤት ሁለት እማኞች ጠርቼ አስከተልኩ።

አበልጄ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፈገግ አለች። ከኋላዬ ሰዎቹን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። አስቀመጠቻቸው፣ ጠላ ቀዳችላቸው፣ ብሩን በፊታቸው አንድ በአንድ ቆጥራ ውሉን ሰጠችኝ።

«በሉ እንግዲህ፣ መስክሩላት» አለቻቸው።

ቤቱ የእኔ ሆኖ ቀረ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ «አበልጄ» ብላ አልጠራችኝም።