ቆሎ የሚያነሳ ጓንት

ቆይ ሳቄን ልጨርስ! ዋናው መጨረሻው ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ሜሮን ሳን ሆዜ ሥራ የምትሄደው በሳይክል ነው። ባለፈው ጠዋት ጣቷ በብርድ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ አቃታትና ወደቀች። ቅዳሜ ደግሞ በረዶ ሜዳ ላይ ስኪ ልትሄድ ነው። «ጓንቱን እኔ ነኝ የምመርጥልሽ» ብዬ አብሬያት ሱቅ ገባሁ።

ሻጩ ወፍራም ወፍራሙን ያመጣል። አንዱን አፌ ላይ ገጥሜ እፍ ብልበት ትንፋሼ በዚያ በኩል ወጣ። ንፋስ ያስገባል፣ ይቅር! ሌላውን አጠለቅኩና ከቦርሳዬ ቆሎ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ፤ አንዲት ቆሎ እንኳ አልነሳ አለኝ። ቆሎ ማንሳት ያቃተው ጣት ፍሬን ሊይዝ ነው? ሜሮን «አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ስቶፕ!» ብላኝ ሄልሜቶቹ ጋ ሄደችና እንደማያውቀኝ ሰው ዞራ ቆመች። እኔ ምን ገዶኝ! ስሞክር ስሞክር አንዷ ቀጠን ያለች፣ ንፋስ የማታስገባ ጓንት ተገኘች። አጥልቄያት ቆሎዋን እየለቀምኩ ቃም አደረግኩ። ሻጩ አጨበጨበ። ገበያተኛው ሁሉ ጓንቱን አጥልቆ እኔም ልሞክር እያለ ከበበኝ።

አንዷ ፈረንጅ «ሴትዮዋ ከማን ጋር ናት?» ብላ ጠየቀች። ሜሮን ከሄልሜቶቹ መሀል እየሮጠች መጥታ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና ሱቁ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፦

«የእኔ አክስት ናት! ሰልፍ ያዙ!»