«መጀመሪያ ታረቅ» የምትለዋ አንቀጽ

ባልደረቦቹ ኮምጣጤ ይሉታል። በክፋት አይደለም፤ «ደህና አደርክ?» ሲሉት «ምኑን አደርኩት!» የሚል ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው? ቀን ቀን የአንድ መድን ድርጅት ኮምፒውተሮችን ይጠግናል። ወረቀት እየቆረጠመ የሚያስቸግር ማተሚያ ሥር ተንበርክኮ ይውልና ቤቱ ሲገባ ማንም የማይከፍለውን ሁለተኛ ሥራውን ይጀምራል።

ሁለተኛው ሥራ ዓይነ ስውራን በኮምፒውተር እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። በነፃ ይሰጣል፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው አይቶ ያርመዋል፣ ያሻሽለዋል። የጀመረው ለእህቱ ነበር። እታለም የሚላት ታላቅ እህቱ፣ እናታቸው ካረፈች ወዲህ አብልታ አልብሳ ያስተማረችው፣ ዓይኗን ታማ ብርሃኗ ሲጠፋ ይሄ ሰው ምን አደረገ? ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። እውነቴን ነው። ፕሮግራሙ የሰው ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ድምፁን ሊሰጥ የሚደፍር ጠፋ፤ ቤታቸው ውስጥም ከቁም ሳጥኑ ሌላ ጸጥ ያለ ቦታ አልነበረም። ካፖርትና ብርድ ልብስ መሀል ተቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ቃላት ሲያነብ ከረመ። ዛሬ ፕሮግራሙን የሚጠቀም ሁሉ የሚሰማው ያንን የወጣትነት ድምፁን ነው፦ ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል። ያኔ ገና ኮምጣጤ አልተባለማ። እታለምም በዚያ ድምፅ እየተመራች ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ላይ ትሠራለች። ደዋዩ የሚፈልገውን ይነግራታል፣ ኮምፒውተሩ የክፍሉን ቁጥር በጆሮዋ ያነብላታል፣ እሷ ታገናኛለች። በዚህ ሥራ የሚደርስባት የለም።

እስከዚህ ደግ ነው። መከራው ሰው ሲበዛ መጣ።

ፕሮግራሙ ሲታወቅ ከየአገሩ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ተሰበሰቡና ተሰዳደቡ። ፊት ለፊት ቢሆን የሚያፍሩበትን ነገር በኢንተርኔት ይጻጻፉት ጀመር። ስለዚህ የሥነ ምግባር ደንብ ይኑረን ተባለ። ረቂቁን የጻፉት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እምነታቸው የጠበቀ ስለሆነ ሰባኪው ይሏቸዋል። እሳቸውም ከእምነታቸው ቀድተው አንዲት አንቀጽ አስገቡ፦ ሥራህን ይዘህ ከመምጣትህ በፊት የተቀየመህ ሰው ካለ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ።

ምን ክፋት አለው? እኔ አላየሁበትም። ጠበቃው ግን አየበት። ጠበቃው ጥርስ ሐኪም ነው፤ ስሙን ያወጣለት ክርክሩ ነው።

«ይሄ ስብከት ነው» ብሎ ጻፈ። «የማያምን ሰው አንድ ስህተት ለማረም የጸሎት ቤት በር ማንኳኳት አለበት?»

«እኔስ እምነቴን እንደ ጃንጥላ በር ላይ አቁሜ ልግባ?» ብለው መለሱ ሰባኪው።

በቃ፣ ተያያዙት። አንዱ ተነስቶ፣ የአባቶችን ተረት እናስገባና እንታረቅ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል አይደል፣ አለ። ጠበቃው «ጸሎት የሚለው ከወጣ እስማማለሁ» አለ። ኧረ ጸሎቱ ከወጣ ምኑ ሊቀር ነው? ሳሉ? ሌላዋ ደግሞ በእኔም እምነት ይሄ ትምህርት አለ፣ ለምን በእሳቸው እምነት ብቻ ይጻፋል ብላ ገባችበት። አንዱ በሌላው ላይ ቅሬታ አቀረበ፣ ያኛውም በዚህኛው ላይ። ስለ ዕርቅ የምታወራዋ አንቀጽ ሰውን ሁሉ አፋጀችው። ወይ ጉድ!

ኮምጣጤ መጀመሪያ «ሃይማኖታችሁንም ክህደታችሁንም አልጠየቅኳችሁ፤ ሥራ ይሠራ!» ብሎ ቢጽፍም የሰማው አልነበረም። በመጨረሻ በገነ። በግኖ ቁጭ አለና አንቀጿን ወደ ኮድ ቀየራት። «ዘበኛ» ብሎ የሰየማትን ትንሽ ፕሮግራም ሥራ በሚገባበት በር ላይ አቆማት፦ ቅሬታ የቀረበበት ሰው፣ ቅሬታውን ያቀረበው ሰው ራሱ ካልዘጋለት በቀር፣ የሠራው ኮድ አይገባም። «ታረቁ ትሉ የለ? እስቲ ታረቁና እንያችሁ!» አለ። ትልቁን ጥፋት የሠራው ያኔ ነው። ለራሱ አዳላ እንዳይሉት፣ ለራሱ እንኳ ማለፊያ አላስቀረም። ዘበኛዋን ለማንሳት ደግሞ የሁሉም ስምምነት ይጠየቃል፤ የሚስማማ ሰው ቢኖር መቼ እዚህ ይደረስ ነበር! ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ሆስፒታሉ ከሰኞ ጀምሮ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ በአዲስ ሊቀይር መሆኑ ተሰማ። ኮምጣጤ ሲሞክረው ፕሮግራሙ በአዲሶቹ ላይ ዲዳ ይሆናል፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ማስተካከያውን ሠርቶ ጨርሷል፤ እጁ ላይ ነው። ግን ሆስፒታሉ በይፋ ከወጣው ሌላ አያስጭንም፤ በይፋ የሚወጣው ደግሞ ዘበኛዋ ስታስገባ ነው። የእታለም አለቃ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ሰኞ ካልተናገረልሽ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አንቺን አንድ ቦታ እናስቀምጥሻለን።» አንድ ቦታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ ወንድሟም ያውቃል። ግድግዳ ሥር ወንበር ሰጥተው፣ ሥራ ነፍገው ማስቀመጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባኪውንና ጠበቃውን በቪዲዮ ጠራቸው። ሁለቱም በእሱ ላይ ያቀረቡት ቅሬታ አለ። ሰባኪው ክራቫት አስረው መጡ። ጠበቃው ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ከክሊኒኩ ገባ።

«ጋሼ፣ ካስቀየምኩዎት ይቅርታ፣ ግን...» ብሎ ጀመረ ጠበቃው።

«ግን ያለበት ይቅርታ ይቅርታ አይባልም።»

«እርስዎስ ከሃዲ አላሉኝም?»

«ነህ እኮ!»

«ነኝ! አባባልዎ ግን ደስ አይልም!»

«ኧረ በምታምኑትም በማታምኑትም ይዣችኋለሁ!» ብሎ ጮኸ ኮምጣጤ። «እህቴ ሰኞ ከወንበሯ ልትነሳ ነው! ፕሮግራሙ ዲዳ ሊሆንባት ነው፤ እናንተ እዚህ...»

ሁለቱም እህት እንዳለችው እንኳ አያውቁም ነበር። ስንት ዘመን አብረው ሲሠሩ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል ተንፍሶላቸው አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ጠበቃው። «ግን» አላለበትም።

«እኔም በድያለሁ ልጄ» አሉ ሰባኪው። ሁለቱም ቅሬታቸውን ሁሉ ዘጉ፤ በኮምጣጤም ላይ የነበረውን ዘጉለት። «በል ወንድሜ፣ አስገባ» አሉት ሰባኪው።

ኮምጣጤ ቁልፉን ተጫነ። ዘበኛዋ በቀይ ጻፈችለት፦ ያልታረቅከው ሰው አለ።

«ምን አባቷ ነው ይቺ!» አለ። በገዛ እጁ የሠራትን መሆኑ ነው። «ጋሼ፣ በእርስዎ ስም ያስገቡልኝ።»

«የሌላ ሰው ሥራ በስሜ? እሱማ ስርቆት ነው።»

«ዛሬ ገና ከጋሼ ጋር ተስማማሁ» አለ ጠበቃው።

ቪዲዮውን ዘግቶባቸው ቀሪውን ቅሬታ ፈለገው። ያቀረበችው «ደዋይዋ» የምትባል ተጠቃሚ ናት። ጥያቄ ብጠይቅ ተሰደብኩ ትላለች። ጥያቄዋ ፕሮግራሙ የሰው ስም ሲያነብ ይሮጣል፣ እንዴት ነው የማዘገየው የሚል ነበር። ከሥሩ የራሱ መልስ አለ፦ «መመሪያውን ማንበብ ካቃተሽ ፕሮግራሙ ላንቺ አልተሠራም።» መጻፉን እንኳ አያስታውስም። እንዲህ ያለ መልስ ስንት ጽፏል!

«አሁን ይቺን ሴትዮ ከየት አባቴ አምጥቼ ነው የምታረቃት!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ።

እታለም ሳሎን ሶፋው ላይ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ሩቅ አይደለችም» አለች። «ሳሎን ናት።»

በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። «አንቺ ነሽ?»

«ነኛ።»

«ታዲያ ለምን እኔን ቤት ውስጥ አትጠይቂኝም?»

«ጠየቅኩህ። ቆይ አልከኝ። ደግሜ ጠየቅኩህ፣ ቆይ አልከኝ። እዚያ ብጠይቅ ሌላ ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር። ዕድሌ ሆነና አንተው መለስክልኝ።»

«እሺ በቃ፣ ይቅርታ። አሁን ቅሬታውን ዝጊልኝ።»

«አልዘጋም።»

«እታለም! ሥራሽ እኮ ነው! ሰኞ እኮ ነው!»

«ሰኞ መሆኑንማ አውቃለሁ። ቀኑን የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም።» የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «ወንድምዬ፣ ይሄ የምትጠላው አንቀጽ ሂድና ታረቅ ነው የሚለው። አዝራር ተጫን አይልም። ደሞም ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ የኔው በጆሮ ነው የገባው። ና ቁጭ በል፣ አንተም ስማው።»

ኮምፒውተሯን ከፍታ ሁለት ቁልፍ ነካች። ከቁም ሳጥኑ የወጣው ድምፅ ተናገረ። ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ አንዲት ቃል ሳይውጥ፦ «መመሪያውን ማንበብ ካቃተሽ ፕሮግራሙ ላንቺ አልተሠራም።»

ኮምጣጤ ተቀመጠ።

«ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ያው በአንተ ድምፅ ነበር የምሰማው» አለች። «ሰባኪውና ጠበቃው ሲሰዳደቡ የከረሙትን ሁሉ እኔ የሰማሁት በአንተ አፍ ነው። ከሃዲ ስትልም አንተ፣ አጭበርባሪ ስትልም አንተ። እሱን ቻልኩት፣ የሰው ነው ብዬ። ይሄኛው ግን የራስህ ሆነብኝ።»

«መመሪያው ላይ አለ ብዬ ነው እኮ...» አለ፤ እሱም እንደማያዛልቅ እያወቀው።

«መመሪያው ሥዕል ነው።»

«ምን?»

«ሥዕል። ‹እዚህ ጋ ተጫን› ይልና ዝም። የት ጋ? አላውቅም። ሥዕል ብቻ።»

ሄዶ ከፈተው። እውነቷን ነው። ከላይ እስከ ታች የስክሪን ፎቶ፣ ቀይ ቀስት፣ ቀይ ክብ። ለዓይነ ስውር የተጻፈ መመሪያ! የሠራውም ራሱ ነው፤ አንድ ሰሞን ቸኩሎ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጠየቀውን ዓይነ ስውር ሁሉ «መመሪያውን አንብብ» እያለ ሲያባርር ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስንቱን ጠርቶ ሊመልሰው ነው?

ኮምፒውተሩን ይዞ ሶፋው ላይ፣ ከልብሱ ክምር አጠገብ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ሥዕል አጥፍቶ በቃላት ይጽፈው ጀመር። እሷ እያጣጠፈች ታዳምጠዋለች። «በስተቀኝ ያለው» ሲል «የማን ቀኝ?» ትለዋለች፤ ይነጫነጭና ያስተካክለዋል። ምሳ ሰዓት አለፈ። የስም ንባብ ማዘግየት የሚለው ጋ ሲደርስ እንደተጻፈው አደረገች፤ ሠራላት። ከዚያ ወደ ቅሬታዋ ተመልሶ ከስድቡ ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ይቅርታ ጻፈ። ማሽኑ አነበበላት።

«ጥሩ ነው» አለች። «አሁን ደግሞ ባፍህ በለው።»

«ሰማሽው አይደል?»

«እሱን ማሽኑ ነው ያለው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝ እታለም» አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር፣ መሀል ላይ ሰበር አለበት።

እታለም ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ድምፅህ አርጅቷል እኮ» አለች። «መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

ከዚያ ቅሬታዋን ዘጋችለት።