ዶክተሩ ያላለው ቃል

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። «ታዲያ ማን ሞተ?» ብለው ይጠይቁኛል ብዬ እፈራለሁ። ማንም አልሞተም። በደሌን ለመናገር ያስቸገረኝም ይኸው ነው።

እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው ሲያጣጥር የምጠራ ሴት ነኝ። ፊቱን፣ ከንፈሩን፣ ጥፍሩን አያለሁ። «ቄስ ይጠራ» ካልሁ ይጠራል፤ «ይቆይ» ካልሁ ይቆያል። የብዙ ሟች ዓይን ከድኛለሁ። ተሳስተሻል ያለኝ ሰው ስላልነበረ የማውቅ መሰለኝ።

ያለም የምትባለው የልጄ ሚስት የወለደች ዕለት ደሟ አልቆም ብሎ ባሕር ዳር ወሰድናት። ሕፃኑ ደኅና ነበር። የእሷ ኩላሊት ግን ሥራውን አቆመ፤ ሽንት ጭራሽ ጠፋ። ራሷን ስታ፣ ሰውነቷ አብጦ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧትና የኩላሊት እጥበት ጀመሩላት። እንድገባ ሲፈቀድልኝ መጀመሪያ ያየሁት ማሽኑን ነው። ደሟ ከአንገቷ በቱቦ ይወጣል፣ በማሽኑ ውስጥ ይዞራል፣ ታጥቦ ወደ እሷ ይመለሳል። ማማተብ እንኳ ረሳሁ።

ከዚያ ፊቷን አየሁ። ከንፈሯን፣ ጥፍሯን አየሁ። አለቀላት አልሁ በልቤ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ከቤተሰቡ ትንሽም ቢሆን የተማርሁት እኔ ስለሆንሁ ለብቻዬ ጠርቶ አስረዳኝ።

«እማማ፣ እንደ እሷ ጠንቶባቸው እጥበት ከሚጀምሩት ብዙዎቹ አይተርፉም። ግፊቱን፣ ሳንባውን፣ የደም ምርመራውን አይተን እንገምታለን። ግምቱ ግን ስለ ብዙ ሰው ነው። እሷ ከየትኞቹ እንደሆነች አላውቅም። እየታጠበች እንጠብቅ። ለአባቷም እንዲሁ ይንገሩልኝ።»

አላውቅም አለ። ያን ያህል ተምሮ፣ ያን ሁሉ ማሽን ከፊቱ አቁሞ፣ አላውቅም አለ። እኔም ናቅሁት።

ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ ልጄና የያለም አባት ደምሌ ተቀምጠው ነበር። ደምሌ ከጉና የመጣ ገበሬ ነው፤ በዕድሜ ታናሼ ነው።

«ዶክተሩ ቁርጡን ነገረኝ» አልኋቸው። «አትተርፍም። ነፍሷ ሳትወጣ አገሯ አግቧት ብሏል።»

ለምን እንዲህ አልሁ? በሰው አገር እንዳትሞት አስቤ ነው? አዎ፣ እሱንም አስቤአለሁ። ለእሱ ብቻ ቢሆን ግን «እኔ እንዲህ ይመስለኛል» ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? ቃሌን በዶክተሩ አፍ ያደረግሁት ማንም እንዳይመልስብኝ ነው። ከማሽኑ ብትነቀል እንደምትሞት አውቅ ነበር። ከሞተች ደግሞ እኔ ልክ ነበርሁ ማለት ነው።

ልጄ እያለቀሰ መኪና ሊፈልግ ተነሣ። ደምሌ እጁን ይዞ ጎተተው።

«ተቀመጥ አንተ! እትዬ፣ ቁርጡን ካወቀ ማሽኑን ስለምን አላጠፋውም?»

«እንግዲህ ሥራው ነዋ» አልሁ።

«እኔ የበጌን ቆዳ እንኳ ነፍሱ ሳትወጣ ገፍፌ አላውቅም። ልጄን አላነሣም። አንቱ ከቸኮሉ ይሂዱ፤ መኪና እንደሆነ ሞልቷል!»

አልሄድሁም። ቁጭ ብዬ እንድትሞት ጠበቅሁ። ሌላ የተሻለ ቃል ፈልጌለት ነበር፤ የለውም።

እጥበቱ ከተደጋገመ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። «እማማ፣ ይምጡ፣ ይዩ!» እንደ ልጅ ይስቃል። ከአልጋዋ ጎን በተንጠለጠለው የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጥቂት ቢጫ ውኃ ተጠራቅሟል። ሽንት ነው። እያየሁት ሌላ ጠብታ በቱቦው ወርዳ ተጨመረች። ማን አዘዛት? ማሽኑ በዚያ ሰዓት ቆሞ ነበር። ዶክተሩም ቢሆን እንደ እኔው ፈዝዞ ያያታል። ሰው ሲሞት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰው ሲመለስ ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንዲያ ባለች ጠብታ፣ ያለ ድምፅ እንደሚመለስ ማን ነግሮኝ?

እና እኔ ተመስገን ከማለቴ በፊት ተናደድሁ። ለአፍታ ነው፤ ግን ተናደድሁ። የልጅ ልጄ እናት ነፍስ ስትዘራ፣ እኔ ተሸነፍሁ ብዬ ተናደድሁ።

ደምሌ ሲሰማ ሮጦ ገብቶ የዶክተሩን ትከሻ ያዘው። ይስቃልም፣ ያለቅሳልም።

«አንተ ጎረምሳ! ትሞታለች ብለህ ልጄን በቁሟ ልታስቀብረኝ? ምኑን ነው የተማርኸው?»

ዶክተሩ ዞሮ አየኝ። ገባው። እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብሁ።

«ተሳስቼ ነው፣ አባባ» አለው።

አንድ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር። አላልሁም። ያ ልጅ በደሌን ተሸክሞልኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ይህን ያህል ትዕግሥት በዚያ ዕድሜ ከየት ያገኛል እያልሁ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ያለም ድናለች፤ ልጇም ይሮጣል። እናቴ ትለኛለች። አሁንም ሰው ሲያጣጥር ይጠሩኛል፤ «አላውቅም» እላለሁ። አርጅታለች ይላሉ።

ደምሌ ያንን ወሬ በየድግሱ ያወራዋል፤ ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በቀደም ግን አንዱ ሰሚ «እውነትህን ነው፣ ዶክተር ምን ያውቃል!» ብሎ ወንድሙን ከሆስፒታል ሊያስወጣ መሆኑን ሲናገር ሰማሁ። ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

ይቅርታ ለመለመን ፊት የለኝም። ደምሌ፣ ዶክተሩ አልተሳሳተም። ትሞታለች ያልሁት እኔ ነኝ። ለዚያም ሰው ዛሬውኑ ንገረው።